ጥምር ቃላትን በጥንድ ጨዋታ ማስተማር፦ ካርዱ፣ ሕጉና የሚበላሽበት ቦታ

«ብርድ» እና «ልብስ» የሚሉ ሁለት ካርዶችን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ የሁለተኛ ክፍል ተማሪን አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። የቱ ቃል ይቀድማል? የፊተኛው ቃል መጨረሻ ፊደል ይለወጣል ወይስ እንዳለ ይቆያል? የተገኘው ቃል ፍቺስ ከሁለቱ ክፍሎች ይገመታል ወይስ ለብቻው መታወቅ አለበት? ግማሽ ካርድ ከግማሽ ካርድ አገናኝቶ የሚያበቃ ጨዋታ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱንም አይነካም፤ ልጆቹም ተደስተው፣ ቃሉን ሳይማሩ ይወጣሉ። ከዚህ በታች ያሉት ጨዋታዎች የተሠሩት ሁለቱ ቃላት በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው።

በጥንድ መሆኑም ምክንያት አለው። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ እየጠየቀ ተማሪ ሲመልስ፣ አንድ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አንዴ ቢናገር ነው። በጥንድ ሲሆን ግን በማንኛውም ሰዓት የክፍሉ ግማሽ እየተናገረ፣ ግማሹ እየሰማና እያረመ ነው። ጥምር ቃል ደግሞ በዋናነት የጆሮ ነገር ነው። «ሙከራ ቤት» የሚለው ስሕተት መሆኑን ልጁ የሚያውቀው በሕግ ሳይሆን ጆሮው ሲሻክረው ነው።

ቃላቱን መምረጥ

አማርኛ ሁለት ቃላትን ሲያጣምር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀመው ሁለት መንገዶችን ነው። አንደኛው ምንም ሳይለወጥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፦ ብርድ ልብስ፣ እግር ኳስ፣ ምግብ ቤት፣ ግብ ጠባቂ፣ ራስ ምታት። ሁለተኛው የፊተኛውን ቃል መጨረሻ ከሳድስ ወደ ግዕዝ መለወጥ ነው፦ ቤት «ቤተ» ይሆንና ቤተ ሙከራ፣ ልብ «ልበ» ይሆንና ልበ ሙሉ፣ ቀስት «ቀስተ» ይሆንና ቀስተ ደመና። የሰዋስው መጻሕፍት ይህን የሚያያይዝ ድምፅ «ኧ» ይሉታል። ለልጆች ግን «ስድስተኛው ፊደል አንደኛ ይሆናል» ማለት ይበቃል፤ የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ካለ ት ላይ ጀምሮ ተ ላይ እስኪደርስ በጣት ማሳየት ነው።

ልዩነቱ ከፊደል ያልፋል። በመጀመሪያው መንገድ ዋናው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ነው፤ እግር ኳስ ኳስ ነው፣ ምግብ ቤትም ቤት ነው። በሁለተኛው መንገድ ግን ዋናው ፊት ይመጣል፤ ቤተ ሙከራ ቤት ነው፣ ክፍለ ጊዜ የጊዜ ክፍል ነው። ልጆች «ቤተ ምግብ» ወይም «ሙከራ ቤት» የሚሉት የአንዱን መንገድ ሥርዓት ለሌላው ሲሰጡ ነው። ይህን ያወቀ መምህር ስሕተቱን ሲሰማ የትኛውን ጨዋታ መልሶ እንደሚያጫውት ያውቃል።

ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል የመጀመሪያው መንገድ ቃላት ብቻ ይበቃሉ፤ እነሱም በሥዕል ሊታዩ የሚችሉ ቢሆኑ ይመረጣል። 3ኛና 4ኛ ክፍል ላይ ፊደል የሚለወጥባቸው ይገባሉ። ሥነ ጽሑፍ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ርእሰ አንቀጽ የመሳሰሉት ከዚያ በላይ ላሉት ይቆዩ። «ሥነ» ለብቻው ቆሞ ልጆች የሚያውቁት ቃል አይደለም፤ «ራስ» ወደ «ርእሰ» ሲሄድም የሚለወጠው መጨረሻው ብቻ አይደለም። ገና የፊደል ለውጡን እየለመደ ላለ ልጅ ሁለት እንግዳ ነገር በአንድ ጊዜ ማምጣት ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ዓይነት ቃላትን ወደ ካርዱ አታስገቡ። አንዱ በቅጽል የሚጀምሩት ናቸው፦ ጥቁር ሰሌዳ፣ ነጭ ሽንኩርት። «ጥቁር» ከማንኛውም ካርድ ጋር ስለሚሄድ ጨዋታው በክርክር ይቆማል፤ ልጆቹም «ጥቁር ልብስ አለ እኮ» ሲሉ እውነታቸውን ነው። እነዚህ የራሳቸው ጨዋታ አላቸው፣ ወደ ኋላ ይመጣል። ሌላው በ«የ» የተያያዙት ናቸው፦ የቤት ሥራ፣ የሌሊት ወፍ። ስማቸው አንድ ነገርን ቢያመለክትም «የ» ራሱ መያያዣ ሆኖ ስለሚታይ፣ ልጆቹ ያለ «የ» የሚጋጠሙትን እንዳያስተውሉ ያደርጋል።

አጻጻፉንም ቀድማችሁ ወስኑ። ጥምር ቃላት ተለያይተውም፣ ተገጥመውም፣ በጭረት ተያይዘውም ተጽፈው ይገኛሉ፤ «ዓይን» እና «አይን»፣ «ሥነ» እና «ስነ» ላይም እንደዚያው። ልጆቹ የሚማሩበት መጽሐፍ እንዴት እንደጻፈው አይታችሁ ካርዱን በዚያው ጻፉ። ካርዱና መጽሐፉ ከተለያዩ ልጆቹ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው ብለው ይወስዱታል።

ጥንዱን ማቋቋም

ጎበዙን ከደካማው ጋር ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ልዩነቱ በጣም ሲሰፋ ግን አንዱ ይሠራል ሌላው ያያል። የተሻለው ዘዴ ይህ ነው፦ ተማሪዎቹን በንባብ ችሎታቸው ከላይ ወደ ታች በዝርዝር ጻፉ፤ ዝርዝሩን መሐል ላይ ቁረጡት፤ የላይኛውን ግማሽ አንደኛ ከታችኛው ግማሽ አንደኛ ጋር አጣምሩ። በ40 ተማሪ ክፍል 1ኛው ከ21ኛው፣ 2ኛው ከ22ኛው፣ 20ኛው ከ40ኛው ይሆናል። በሁሉም ጥንዶች መካከል ያለው ርቀት እኩል ነው፣ አንድም ልጅ ከዝርዝሩ ጫፍና ጫፍ አይጣመርም። ዝርዝሩ የመምህሩ ብቻ ይሁን፤ ልጆቹ ፊት መነበብ የለበትም።

ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ አንዱን ቡድን ባለ ሦስት አድርጉትና ሦስተኛው ልጅ ዳኛ ይሁን። ዳኛው በየ3 ደቂቃው ይቀየራል፤ ካልተቀየረ በሁለተኛው ዙር አኩርፎ ታገኙታላችሁ። የቀሩት ጥንዶች አባላት «ሀ» እና «ለ» ይባሉ፤ ትእዛዝ ስትሰጡ «ሀ ይዘርጋ፣ ለ ያንብብ» ማለት ብዙ ንግግር ይቆጥባል።

አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ለሚመልስባቸው ጨዋታዎች ሁሉ የሚሠራ አንድ ሕግ አለ፦ ካርዱን የያዘው አይመልስም። ፈጣኑ ልጅ ካርዱን እየሳበ ራሱ እየመለሰ ባልደረባውን ተመልካች የሚያደርግበትን መንገድ ከዚህ የተሻለ የሚዘጋው የለም።

የመጀመሪያው ጨዋታ፦ አዙሮ ማግኘት

አንድ ኤ4 ወረቀት አራት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ስታጥፉት 16 እኩል ክፍል ይወጣል፤ እያንዳንዱ 7.4 በ5.2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጥንድ አንድ ወረቀት፣ ስምንት ቃል። 20 ጥንድ ካለ 20 ወረቀት ነው። ቀጭን ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር ከጻፋችሁ ቃሉ በጀርባ ይታያልና ጨዋታው ከመጀመሩ ያልቃል፤ በእርሳስ ጻፉ ወይም ወፍራም ካርቶን ተጠቀሙ።

እርስ በርስ የማይምታቱ ስምንት ቃላት እነዚህ ናቸው፦ ብርድ ልብስ፣ እግር ኳስ፣ ግብ ጠባቂ፣ ራስ ምታት፣ ዓሣ ነባሪ፣ ሰማይ ጠቀስ፣ ባሕር ዛፍ፣ አባ ጨጓሬ። «ምግብ ቤት» እዚህ የሌለው ሆን ተብሎ ነው፤ አንዱ «ዓሣ ቤት» ብሎ ከወሰደው «ነባሪ» እና «ምግብ» ያለ አጣማጅ ይቀራሉ። የራሳችሁን ስምንት ቃል ስትመርጡ እያንዳንዱን የፊት ቃል ከሌሎቹ ሰባት የኋላ ቃላት ጋር ጮክ ብላችሁ ሞክሩት፤ አንድም ሌላ ቃል ከወጣ ቀይሩ።

የፊት ቃል የተጻፈባቸው ካርዶች ጀርባ ላይ ነጥብ አድርጉ። ካርዶቹ ተደፍተው በአራት ረድፍ ይደረደራሉ። ተጫዋቹ መጀመሪያ ባለ ነጥቡን፣ ቀጥሎ ነጥብ የሌለውን ይገልጥና ሁለቱን በዚያው ቅደም ተከተል ያነባል፤ ነጥቡ ያስፈለገው ቅደም ተከተሉ በእጅ እንዲለመድ ነው። ከተጋጠሙ ካርዶቹን የሚወስደው ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ካስገባ ብቻ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ልክ መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ባልደረባው ነው። «ብርድ ልብስ አለ» ዓይነት ባዶ ዓረፍተ ነገር እንዳይበዛ ግሥ አስገድዱ፦ ለበስኩ፣ አጠብኩ፣ አጠፍኩ። ለአንድ ዙር ከ8 እስከ 10 ደቂቃ መስጠት ይበቃል።

በዚህ ጨዋታ የማስታወስ ችሎታ ያለው ልጅ ደጋግሞ ያሸንፋል፣ ያ ደግሞ ከቃላት እውቀት ጋር አይገናኝም። በሁለተኛው ቀን ውጤቱን የጋራ አድርጉት፤ ሁለቱ አብረው ስምንቱን በስንት ሙከራ እንደጨረሱ ይቁጠሩና በሚቀጥለው ጊዜ የራሳቸውን ቁጥር ዝቅ ለማድረግ ይጫወቱ።

ሁለተኛው፦ ይታጠፋል ወይስ አይታጠፍም

ጊዜ ቢያጥርና አንድ ጨዋታ ብቻ የሚቻል ቢሆን ይህ ይሁን። የፊደሉን ለውጥ ልጆች በእጃቸው ያደርጉታል።

ሁለት ኤ4 ወረቀት እያንዳንዱን በአራት ቁራጭ ቁረጡ፤ ቁራጩ 21 በ7.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለአንድ ፊደል 4 ሴንቲ ሜትር ስጡ። «ልብ» 8 ሴንቲ ሜትር ይይዛል፤ ከቀኙ ሌላ 4 ሴንቲ ሜትር ባዶ ትታችሁ የቀረውን ቁረጡ። ባዶውን ክፍል ወደ ግራ ስታጥፉት «ብ» ላይ ይከደናል፤ አሁን ከላይ በሚታየው ገጽ ላይ «በ» ጻፉ። ሲገለጥ ልብ፣ ሲታጠፍ ልበ። ፊደሉን አጥፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብትጽፉት ይሻላል፤ ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ገልብጦ ቀድሞ የጻፈ ሰው ሲያጥፈው ፊደሉን ተዘቅዝቆ ያገኘዋል።

ስምንቱ ታጣፊ ካርዶች፦ ቤት/ተ፣ ልብ/በ፣ ሆድ/ደ፣ እጅ/ጀ፣ አፍ/ፈ፣ እግር/ረ፣ ቀስት/ተ፣ ክፍል/ለ። በሦስተኛ ወረቀት ላይ የሚከተሉትን 13 የኋላ ቃላት በትንንሽ ካርድ ጻፉ፦ ሙከራ፣ ሙሉ፣ ወለድ፣ ሰፊ፣ ቁርጠት፣ ጠባብ፣ ሥራ፣ ታሪክ፣ መፍቻ፣ መንገድ፣ ኳስ፣ ደመና፣ ጊዜ።

«ሀ» አንድ ታጣፊ ካርድ ገልጦ ያስቀምጥና አጠገቡ አንድ የኋላ ቃል ያደርጋል። «ለ» መጀመሪያ ሁለቱን በአፉ ያጋጥማል፣ ከዚያ «ይታጠፋል» ወይም «አይታጠፍም» ይላል፣ ከዚያ ራሱ ያጥፋል ወይም ይተዋል። አፍ ከእጅ መቅደም አለበት፤ እጁን ያስቀደመ ልጅ እየገመተ ነው። ልክ ከሆነ አንድ ነጥብ፣ ፍቺውን ከተናገረ አንድ ተጨማሪ።

ጨዋታው የሚጥመው አንዱ ካርድ በሁለቱም መንገድ ሲሄድ ነው። ልብ ከወለድ ጋር ሳይታጠፍ ልብ ወለድ፣ ከሙሉ ጋር ታጥፎ ልበ ሙሉ። ሆድ ከቁርጠት ጋር ሆድ ቁርጠት፣ ከሰፊ ጋር ሆደ ሰፊ። እግር ኳስ ይባላል፣ «እግረ መንገዴን ገዛሁት» ደግሞ ይባላል። እጅ ሥራና እጀ ጠባብ፣ አፍ መፍቻና አፈ ታሪክ። ልጆቹ ከላይ ያልተጠበቀ ነገርም ያወጣሉ፤ ልበ ሰፊ እና እጅ ኳስ ልክ ናቸው፣ ነጥብ ይሰጣቸው።

«ለምን ይታጠፋል?» የሚል ልጅ ሲመጣ ሁለት መጠየቂያ ስጡት። የመጀመሪያው «ነገሩ የቱ ነው?» የሚል ነው። ሆድ ቁርጠት ቁርጠት ነው፣ እግር ኳስ ኳስ ነው፤ ነገሩ ኋላ ስላለ አይታጠፍም። ቤተ ሙከራ ቤት ነው፣ ነገሩ ፊት ስላለ ይታጠፋል። ሁለተኛው «የኋላው የፊቱን ይገልጸዋል ወይ?» ነው። ልቡ ሙሉ የሆነ ልበ ሙሉ፣ እጁ ጠባብ የሆነ ልብስ እጀ ጠባብ። ይህ ለአብዛኛው ይሠራል እንጂ ለሁሉም አይሠራም፤ አፈ ታሪክ ታሪክ ሆኖ ሳለ ይታጠፋል። ሕግ አድርጋችሁ ሰሌዳ ላይ አትጻፉት፤ የተጠራጠረ ልጅ የሚጠቀምበት መሞከሪያ ይሁን።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የአካል ስምና ቅጽል የሚጋጠምበት መንገድ ለልጆች በጣም ይመቻል፣ ወዲያው ስድብ መሥራት ይጀምራሉ። የማን ሆድ፣ የማን አፍ የሚለው ሲመጣ ጨዋታው አበቃለት። ከመጀመሩ በፊት «አዲስ ቃል መሥራት ይቻላል፣ የክፍል ጓደኛን መልክ የሚነካ ግን አይቆጠርም» በሉ፤ ካርዱ ውስጥ የገቡት ቃላትም ለዚህ ሲባል ጠባይን ወይም ዕቃን የሚመለከቱ ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው፦ «ን» የት ትገባለች

ቅጽል ያለባቸውን ጥምር ቃላት ከተራ ሐረግ የሚለየው ጨዋታ ይህ ነው፣ ከ4ኛ ክፍል በታችም አይሞከርም። አሥር ካርድ ይበቃል፦ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጥቁር በግ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ነጭ ወረቀት፣ ቀይ ሥር፣ ቀይ አበባ፣ ብርድ ልብስ፣ ወፍራም ልብስ፣ ምግብ ቤት፣ ትልቅ ቤት። «ሀ» ካርዱን ያነባል፤ «ለ» የታወቀ ነገር አድርጎ «… አየሁት» በሚል ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። ከተራ ሐረግ «ጥቁሩን በግ አየሁት»፣ «ነጩን ወረቀት አየሁት»፣ «ትልቁን ቤት አየሁት» ይወጣል። ከጥምር ቃል ግን «ጥቁር ሰሌዳውን»፣ «ነጭ ሽንኩርቱን»፣ «ምግብ ቤቱን አየሁት» ነው። ቅጥያው መሐል መግባት ከቻለ ሐረግ ነው፤ ወደ መጨረሻ ከሸሸ ተጋጥሟል።

ዓረፍተ ነገሩ መቅረት የለበትም። ቃሉ ብቻውን ከተጠየቀ «ቤቱ» የእሱ ቤት ማለትም ስለሚሆን ልጆቹ ወደ ባለቤትነት ይሄዳሉ።

«ጥቁሩን ሰሌዳ አየሁት» የሚል ልጅ ይኖራል። አትቆጡት፤ ሁለት ሰሌዳ ካለና አንዱ ነጭ ከሆነ ልክ ነው። እንዲያውም ጥሩ በር ይከፍታል፦ አረንጓዴ የተቀባ ሰሌዳስ ምን ይባላል? ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖም ጥቁር ሰሌዳ ይባላል፤ ቃሉ ከተጋጠመ በኋላ «ጥቁር» ቀለም መናገሩን ትቷል። ይህን አንዴ ያዩ ልጆች ሌሎች ምሳሌዎችን ራሳቸው ያድናሉ። ፈተናው የሚያገለግለው ፊተኛው ቃል ቅጽል ሲሆን ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ስምና ስም ለተጋጠሙት «የ» ሁለቱን ቃላት ያያይዛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። «የትምህርት ቤት ደወል» ውስጥ ያለው «የ» የደወሉ ነው፣ ትምህርትንና ቤትን አላያያዘም።

አራተኛው፦ ሥዕልና እንቆቅልሽ

ግማሽ ወረቀት መሐል ላይ ታጥፎ ለእያንዳንዱ ልጅ ይሰጣል። በግራ በኩል ቃሉ እንደ ወረደ ቢሆን ምን ይመስል እንደነበር፣ በቀኝ በኩል እውነተኛው ፍቺ ይሣላል። ሰማይ ጠቀስ በግራ ደመናን በዓይኑ የሚጠራ ግንብ ነው፣ በቀኝ ረጅም ሕንፃ። ሆደ ሰፊ በቀኝ ምን ተብሎ ይሣላል? እዚያ ላይ ነው ልጆቹ የሚያስቡት፤ የተናደደ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ በትዕግሥት የሚሰማ ሰው የሣለ ገብቶታል። ለአንድ ቃል 4 ደቂቃ ስጡ፣ ከዚያ ለባልደረባ የግራው ብቻ ይታይና ቃሉን ይገምት። ፍቺያቸው ከሁለቱ ክፍሎች የሚገመት ቃላት (ብርድ ልብስ፣ ግብ ጠባቂ) ለዚህ አይመቹም፤ ግራና ቀኙ አንድ ይሆናሉ።

መሣል የማይወዱ ጥንዶች እንቆቅልሽ ይሥሩ። ሕጉ፦ ስለ ፊተኛው ቃል አንድ፣ ስለ ኋለኛው አንድ፣ ስለ ጠቅላላው አንድ ፍንጭ፤ ሁለቱን ቃላት መጥራት አይቻልም።

«እንቆቅልህ።»
«ምን አውቅልህ?»
«ፊቴ ያንቀጠቅጣል፣ ኋላዬ ይሸፍናል፣ ሌሊት ከላይህ ነኝ።»

መልሱ ብርድ ልብስ ነው። ሴት ልጅ ስትጠየቅ «እንቆቅልሽ»፣ ጠያቂዋ ሴት ስትሆን ደግሞ መልሱ «ምን አውቅልሽ» እንደሚሆን ልጆቹ ራሳቸው ያውቁታል። ያልመለሰው «ሀገር ስጠኝ» በሚባልበት ቦታ «ቃል ስጠኝ» ይባልና አንድ ጥምር ቃል ይክፈል። የተከፈለው ቃል ቀጣዩ እንቆቅልሽ ይሆናል፣ ስለዚህ መምህሩ ቃል ማደል አይጠበቅበትም።

አምስተኛው፦ ዘር ቃል

ለጥንዱ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ብቻ ስጡ፤ ሁለት እርሳስ ካለ ሁለት ዝርዝር ይሆናል። ወረቀቱ በሁለት ዓምድ ይከፈላል፦ ግራ «… ቤት»፣ ቀኝ «ቤተ …»። ሰዓቱ 3 ደቂቃ ነው፤ እርሳሱ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ እጅ ይለውጣል። በግራ ትምህርት ቤት፣ መኝታ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ ምድር ቤት ይመጣሉ፤ በቀኝ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ሙከራ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ዘመድ። ግራው ሁልጊዜ ይረዝማል፤ አዲስ ቤት በተከፈተ ቁጥር አዲስ ስም በዚያ መንገድ ስለሚወጣለት። ሌሎች ጥሩ ዘሮች፦ ኳስ (እግር፣ እጅ፣ መረብ፣ ቅርጫት)፣ ክፍለ (ጊዜ፣ ዘመን፣ ከተማ፣ ጦር)፣ አደር (አርሶ፣ አርብቶ፣ ወዝ፣ ላብ)።

ለእያንዳንዱ ቃል 1 ነጥብ፣ ሌላ ጥንድ ያላገኘው ከሆነ 2። የተፈጠረ ቃል ሲመጣ፣ ለምሳሌ «መጫወቻ ቤት»፣ አትጣሉት፣ አትቁጠሩትም፤ ሌሎች ሁለት ጥንዶችን ፍቺውን ሳይነገራቸው ጠይቁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ ይቆጠራል። በዚህ መንገድ የሚጸና ቃል ጥቂት ነው፣ ክርክሩ ግን ከነጥቡ ይበልጣል።

ልጆች ሲለምዱት ማንኛውንም ረጅም ቃል መሰንጠቅ ይጀምራሉ። በርበሬን በርና በሬ፣ ቀንበርን ቀንና በር ያደርጉታል። ሁለቱም ቁራጭ ቃል መሆኑ አይበቃም፤ ቢያንስ አንዱ ለጠቅላላው ፍቺ ማዋጣት አለበት። በርበሬ ውስጥ በርም በሬም የለም። በተቃራኒው ተገጥመው የተረሱ አሉ፦ ቤተሰብ፣ ዓይናፋር (ዓይንና አፋር)፣ ወታደር (ወጥቶ አደር)። እነዚህን አምስት ቃላት ቀላቅላችሁ «ይሰነጠቃል ወይስ አይሰነጠቅም» ብላችሁ ብትጠይቁ የ10 ደቂቃ ጨዋታ ይወጣችኋል።

ትንሽ ጊዜ ከተረፈ አሕጽሮተ ቃል ስጧቸው፦ ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ክ/ከተማ። እዝባሩ የቆመው መጋጠሚያው ላይ ነው። መሐላቸው ወ/ሮ ጣል አድርጉ፤ ይህኛው አንድ ቃል ማሳጠሪያ ነውና ማን እንደሚያስተውል ታያላችሁ።

ክፍለ ጊዜውን ማከፋፈል

በ40 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጨዋታ ነው የሚገባው፣ ሦስት አይደለም። 5 ደቂቃ መምህሩ ከአንድ ልጅ ጋር ክፍሉ ፊት ይጫወታል፤ ሕጉን በቃል ከማስረዳት ይህ ይበልጣል። 12 ደቂቃ አንደኛው ጨዋታ፣ 3 ደቂቃ መሰብሰብና መቀየር፣ 12 ደቂቃ ሁለተኛው፣ የቀረው 8 ደቂቃ ለማጣራት። ካርዶቹ ለእያንዳንዱ ጥንድ በተቆጠረ ፖስታ ይሁኑ፣ ፖስታው ላይ ቁጥሩ ይጻፍ፤ ልጆቹ ቆጥረው ካልመለሱ በሳምንቱ «ጠቀስ» ጠፍቶ ሰማይ ብቻውን ይቀራል።

ማጣራቱ በግል ነው፣ በጥንድ አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ በቁራጭ ወረቀት ሦስት ነገር ይጽፋል፦ «ቀስት» እና «ደመና» ተጋጥመው፣ «ሆድ ቁርጠት» ተለያይቶ፣ እና በዕለቱ ካገኛቸው አንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር። «ቀስት ደመና» የጻፈ ወደ ታጣፊ ካርዱ ይመለስ። ሁለተኛውን «ሆደ» እና «ቁርጠት» ብሎ የለየ ልጅ ደግሞ ማጠፉን ለሁሉም እያደረገ ነው፤ ለእሱ ከፖስታው ውስጥ የማይታጠፉትን ብቻ አውጡለት። ዓረፍተ ነገሩ ላይ የተሳሳተው ፍቺውን አልያዘምና እንቆቅልሹን ይጫወት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጥንዶቹን የምታዋቅሩት ከእነዚህ ወረቀቶች ነው፦ የተለያየ ስሕተት ያላቸውን ሁለት ልጆች አንድ ላይ አስቀምጡ፤ አንድ ዓይነት የሚሳሳቱ ሁለት ልጆች እርስ በርስ «ልክ ነው» ይባባላሉ።